የቆርኔሌዎስ ቤት እና ስሙን የወረሱት ሰዎች

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ጴጥሮስ ቂሣርያ ድረስ ሄዶ የሰበከለት የመቶ አለቃ ቆርኔሌዎስ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ስሙ ግን ከእርሱ ዘመን በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የአንድ ታላቅ የሮም ባላባት ቤት መጠሪያ ነበር። በየዓመቱ ከሚመረጡት ቆንስል ከሚባሉ የበላይ ሹማምንት እጅግ ብዙዎቹ የወጡት ከዚህ ቤት ነው።

ወንዱ ከግል ስሙ ቀጥሎ የዘሩን፣ ከዚያም የቅርንጫፉን ስም ይይዛል፤ በ202 ዓ.ዓ. (ከክርስቶስ ልደት በፊት) በሰሜን አፍሪካ ዛማ ላይ የካርቴጁን የጦር መሪ ሐኒባልን ድል የነሳው ጄኔራል ፑብልዮስ ቆርኔሌዎስ ስኪፒዮ ይባላል። ሴቷ የምታገኘው የዘሩን ስም ብቻ ስለነበር ሁለቱም ሴቶች ልጆቹ ቆርኔሊያ ተብለዋል።

አብዛኛው ሮማዊ ሬሳ ሲያቃጥል ይህ ቤት ይቀብር ነበር። በ298 ዓ.ዓ. ቆንስል የነበረው የስኪፒዮ ባርባቱስ የድንጋይ ሣጥን ዛሬ በቫቲካን ሙዚየም ይገኛል፤ በላዩ የተቀረጸው ግጥም መልኩ ከጀግንነቱ እንደማያንስ ይናገራል። ልማዱን የጣሰው የዚሁ ቤት ልጅ አምባገነኑ ሱላ ነው። የባላንጣውን የማርዮስን ዐፅም ከመቃብር አስወጥቶ አስጥሎ ስለነበር፣ ተመሳሳይ ዕጣ እንዳይደርስበት ፈርቶ በ78 ዓ.ዓ. ሬሳው እንዲቃጠል አደረገ ይባላል።

ስሙንም ከዘር ሐረግ ያላቀቀው ከማንም በላይ ይኸው ሱላ ነው። ካስገደላቸው ጠላቶቹ ባሮች መካከል ከ10,000 በላይ ወጣቶችንና ብርቱዎችን ነጻ አውጥቶ ዜግነት ሰጣቸው፤ ሁሉንም በራሱ የዘር ስም ቆርኔሌዎስ አሰኛቸው። ቸርነት አልነበረም፤ በተራው ሕዝብ መካከል ለትእዛዙ የተዘጋጀ ሠራዊት መግዛቱ ነበር። የቂሣርያው መቶ አለቃም ከስኪፒዮ ዘር ይልቅ እንዲህ ካለው ወገን የተገኘ ሊሆን ይችላል።

ከባላባቶቹ ውጭ ስሙን ያስጠሩም አሉ። ከዛሬዋ ስፔን የመጣው ቆርኔሌዎስ ባልቡስ በ40 ዓ.ዓ. ከባዕድ አገር ተወልዶ ቆንስል የሆነ የመጀመሪያው ሰው ነው። ገጣሚው ቆርኔሌዎስ ጋሉስ ደግሞ የግብፅ የመጀመሪያው ሮማዊ ገዥ ሆነ። በ29 ዓ.ዓ. በላቲን፣ በግሪክና በግብፅ ጽሕፈት ባስቀረጸው ሐውልት የኢትዮጵያውያንን ንጉሥ መልእክተኞች በግብፅ ደቡብ ጫፍ ባለችው በፊላይ ደሴት እንደተቀበለ ይፎክራል። ኢትዮጵያውያን ያላቸው በዛሬዋ ሱዳን የነበረውን የመርዌ መንግሥት ሰዎች እንጂ አክሱማውያንን አይደለም። ጉራው አልበጀውም፤ ከአውግስጦስ ጋር ተቃቅሮ ራሱን ገደለ። ከግጥሞቹ ጥቂት ስንኞች እ.ኤ.አ. በ1978 በኑብያ፣ በቀስር ኢብሪም በፓፒረስ ላይ ተገኝተዋል። ታሪክ ጸሐፊው ታሲቱስም ቆርኔሌዎስ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ251 እስከ 253 የሮም ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ቆርኔሌዎስ ስሙን ወደ ክርስትና መጠሪያነት አሻገረው። ዐፅሙ አለበት የሚባለው ገዳም በጀርመን አኸን ከተማ አጠገብ ነው፤ በአካባቢው ባሉት ሆላንድና ቤልጅየም ኮርኔሊስ የተለመደ የወንድ ስም ሆኖ ቆይቷል። የአሜሪካው የመርከብና የባቡር ሐዲድ ቱጃር ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልትም የሆላንድ ሰፋሪዎች ዘር ነበር።