የሮን ወንዝ የምግብና የወይን ጠጅ ጉዞ፦ ከሊዮን እስከ አርል

የሮን ወንዝ የሚነሳው ከስዊዘርላንድ የበረዶ ተራሮች ነው። 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደቡብ ፈረንሳይ ላይ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ምግብና ወይን ጠጅ ለመቅመስ የሚሳፈሩ ሰዎች ግን የሚሄዱት በታችኛው ክፍል ነው፤ ከሊዮን እስከ አቪኞን ወይም አርል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ይፈጃል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጉዞ ልዩ የሚያደርገው ማዕዱ ከወንዙ ጋር አብሮ መውረዱ ነው። ሊዮን ላይ ምግቡ በቅቤና በክሬም ይሠራል። አቪኞን ሲደረስ ቅቤው በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት ተተክቷል። ፈረንሳዮች «ደቡብ የሚጀምረው ቫላንስ ላይ ነው» ይላሉ። ከተማዋ የምትገኘው ከመንገዱ አጋማሽ አካባቢ ነው።

ሊዮን የፈረንሳይ የምግብ ዋና ከተማ ናት። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ቆረቆሯት፣ በኋላም የሐር ሥራ አበለጸጋት። በምግብ ስሟን ያስጠሯት ግን «የሊዮን እናቶች» የሚባሉት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ በሀብታም ቤት ወጥ ቤት ሲሠሩ ኖረው በኋላ የራሳቸውን ምግብ ቤት የከፈቱ ናቸው። ከሁሉም የገነኑት በ1895 ከገበሬ ቤተሰብ የተወለዱት ኤዤኒ ብራዚዬ ናቸው። በ1921 ሊዮን ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈቱ። በ1933 ሁለት ምግብ ቤቶቻቸው እያንዳንዳቸው ሦስት የሚሽላን ኮከብ (ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጥ ደረጃ) አገኙ። በአንድ ጊዜ ስድስት ኮከብ የያዘ ሰው ከእሳቸው በፊት አልነበረም። በ2018 ያረፉት ስመ ጥሩው ሼፍ ፖል ቦኩዝም በወጣትነታቸው እሳቸው ዘንድ ተምረዋል። ዛሬ የከተማዋ ትልቁ የምግብ ገበያ በቦኩዝ ስም ይጠራል። አንዳንድ መርከቦች እንግዶቻቸውን ከሼፉ ጋር ወደ ገበያ ይዘው ይወጣሉ።

እዚህ መቅመስ ያለብዎት ክነል ነው። ብሮሼ የሚባለው የወንዝ ዓሣ ሥጋው ይደቅና ከእንቁላል፣ ከቅቤና እንደ ገንፎ ከተገነፋ ዱቄት ጋር ይለወሳል። ሞላላ ተደርጎ በውሃ ይቀቀላል። ከዚያ የወንዝ ክሬይፊሽ (ትንሽ የሸርጣን ዘመድ) ሶስ ይፈስበትና ምድጃ ይገባል። ሲወጣ እጥፍ ሊያህል ምንም አይቀረው። ማንኪያ ሲነካው እንደ አረፋ ይከፈታል። የሐር ሸማኔዎቹ ምግብ ሰርቬል ደ ካኑ ደግሞ ከኛ አይብ ብዙም አይርቅም፤ ትኩስ አይብ በቅጠላ ቅጠልና በሽንኩርት የተመታ ነው።

ከሊዮን በታች ወንዙ ድሮ ፈጣንና አስቸጋሪ ነበር። በ1933 የተቋቋመው የሮን ብሔራዊ ኩባንያ ግድቦችን ሠርቶ ገራው። ዛሬ መርከቦች እስከ ባሕሩ ድረስ በ12 የውሃ በሮች (መርከቡ ገብቶ ውሃው ሲቀነስ አብሮ ዝቅ የሚልባቸው ክፍሎች) ይወርዳሉ። የበሩ ስፋት 12 ሜትር ነው፣ ትልቁ የቱሪስት መርከብ ደግሞ 11.4። እርጥቡን ግድግዳ ከበረንዳዎ ሆነው በእጅዎ ሊነኩት ይችላሉ። ቦሌን የሚባለው በር ላይ ውሃው ከ20 ሜትር በላይ ዝቅ ሲል ፀሐዩ ይጠፋና መርከቡ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ከዚያ ከፊት ያለው ግዙፍ በር ይከፈታል።

ታን ሌርሚታዥ ላይ የወይን እርሻው በገደሉ ላይ በድንጋይ እርከን ተሠርቷል። ኮረብታው ሌርሚታዥ (የመናኝ ቤት) የሚለውን ስም ያገኘው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከጦርነት ተመልሶ እዚያ ከመነነ ፈረሰኛ ነው ይባላል። የሚበቅለው ሲራ የሚባል የወይን ዝርያ ነው። ሲራ ከፋርስ መጣ የሚል ወሬ አለ፤ የዘር ምርመራ ግን ወላጆቹ እዚሁ ፈረንሳይ ያሉ ሁለት የወይን ዝርያዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ዝዋይ ላይ የሚጠመቀው የሪፍት ቫሊ ሲራም ከዚሁ ዘር ነው። በ1922 የተመሠረተው የቫልሮና ቸኮሌት ፋብሪካም እዚችው ከተማ ይገኛል።

ቪቪዬ ጠባብ የድንጋይ መንገዶች ያሏት የመካከለኛው ዘመን ትንሽ ከተማ ናት።

አቪኞን ግን ብዙ የሚወራላት ናት፤ የፓፓዎቹ (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች) የሂሳብ መዝገብ ተርፏልና። በ1309 ፓፓ ክሌመንት 5ኛ መንበራቸውን ወደዚህ አመጡ። እስከ 1377 ሰባት ፓፓዎች ተቀመጡባት። የዛሬው ቤተ መንግሥት ግንባታ በ1335 ተጀመረ። ውስጡ ያለው የላይኛው ወጥ ቤት ሊታለፍ አይገባም። ክፍሉ ራሱ የጭስ ማውጫ ነው፤ ግድግዳዎቹ ስምንት ማዕዘን ሠርተው እንደ ፒራሚድ ወደ ላይ ይጠባሉ። በ1342 ለክሌመንት 6ኛ በዓለ ሲመት 118 በሬና 1,023 በግ መታረዱ ተጽፏል። የቅዱስ ቤኔዜ ድልድይ 22 ቅስቶች ነበሩት፣ ዛሬ ወንዙ ላይ የቀሩት 4 ናቸው። አንድ እረኛ በመልአክ ትእዛዝ ሠራው ይላሉ።

ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ማለት «የፓፓው አዲስ ግንብ» ነው። ግንቡን ያሠሩት ዮሐንስ 22ኛ ናቸው። የወይን ጠጁ ስም በሕግ የተጠበቀው በ1936 ነው። የተፈቀዱት የወይን ዝርያዎች 13 ናቸው፤ በቀለም ለይተው የሚቆጥሩ 18 ያደርሷቸዋል። ማሳው ላይ አፈር ብዙም አይታይም፤ የተዘረጋው ዳቦ የሚያካክል ድቡልቡል ድንጋይ ነው። ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ለወይኑ ይመልሳል።

አርል የሮማውያን ስታዲየም አላት። ከከተማዋ ጥቂት ከፍ ብሎ ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ ካማርግ የሚባለውን ረግረግ ይሠራል። የጉዞው የመጨረሻ እራት ከዚያ ይመጣል፤ በቀይ ወይን ጠጅ ቀስ ብሎ የበሰለ የካማርግ በሬ ሥጋ፣ ከዚያው ማሳ ከታጨደ ሩዝ ጋር።