የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ሥራ፦ በጎጃም የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም ሶሲዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) የሚያስተምሩና የሚመራመሩ ምሁራን አሉ። ሥራቸውን ግን ጎረቤቶቻቸው እንኳ በቅጡ የሚያውቁት አይመስለኝም።

«የአገሩን ነገር ሽማግሌ ያውቀዋል፤ ጥናት ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌ ብዙ ያውቃል፤ ተመራማሪውም አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው። ነገር ግን ወጉ እንዲህ ነው ሲባል መስማትና በተግባር የሆነውን ቤት ለቤት መመዝገብ ይለያያሉ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጎጃም ደጋ ዳሞት ውስጥ ርስትን አጥንቷል። ርስት ሲባል ከአባት ለልጅ ሳይነካ የሚተላለፍ መሬት ይመስለን ይሆናል። እሱ ያገኘው ሌላ ነው። ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ዘሩን ስለሚቆጥር በብዙ ቦታ ርስት መጠየቅ ይችላል፤ መሬቱን በእጁ የሚያስገባው ግን ሙግት የሚችል፣ ወገንና ተሰሚነት ያለው ነው። ስለዚህ የአንድ ገበሬ ይዞታ በዕድሜው ውስጥ ሲሰፋና ሲጠብ ይኖር ነበር። የጎጃምን መሬት ነገር የሚያጠና ሶሲዮሎጂስት ይህን ሳያነብ ባይጀምር እመክራለሁ።

«መጠይቅ ይዞ የመጣ ወይ ግብር ያመጣል፣ ወይ እርዳታ»

ይህን ጥርጣሬ አላዋቂነት ማለት በደል ነው። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ ብዙ ገበሬ የፈራው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ደግሞ በደርግ ዘመን በቀበሌ ሥልጣን ነበራቸው በሚል «ቢሮክራሲ» ተብለው የተፈረጁ ሰዎች መሬት ተቀንሶባቸዋል። ስንት ጥማድ ታርሳለህ የሚለው ጥያቄ ታሪክ አለው። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም፤ ዓላማውን ማስረዳት፣ ፈቃድ መጠየቅና የመላሹን ስም መሰወር ግን ግዴታው ነው። መልስ ለማግኘት ሲል እርዳታ ተስፋ የሚሰጥ ተመራማሪ ሰውንም ጥናቱንም ያበላሻል።

«የተቸገረን የሚረዳ ባለሙያ ነው»

ያ የሶሻል ወርክ ሙያ ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ችግሩ ከየት እንደመጣና ማን ላይ እንደሚበረታ ያጠናል።

«ዶክትሬት ከያዘ ፕሮፌሰር ሆነ ማለት ነው»

አይደለም። ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ በመጨረሻም ወደ ፕሮፌሰርነት ምሁሩ የሚያድገው በማስተማር፣ በታወቁ መጽሔቶች ጥናት በማሳተምና ለማኅበረሰቡ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ዓመታት ይፈጃል።

«የሚያጠናው ዕድርን፣ ደቦንና ሽምግልናን ብቻ ነው»

እነዚህ መጠናት አለባቸው። ሆኖም በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ ገበሬ እህል ይዘራበት የነበረውን ማሳ ለከሰል በሚሆን ዲከረንስ ዛፍ ሸፍኗል። ሶሲዮሎጂስቱ ይህንንም ይጠይቃል፦ ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል፣ ባል ወይስ ሚስት? መሬት ያልደረሰው ወጣት ከሰል አክሳይ ሆኖ ይቀራል ወይስ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል? ዛፉን በሽታ ሲመታውስ በእሱ ተማምኖ የተበደረ ቤተሰብ ማንን ይጠጋል?