«ፎቶ፦ ከጎግል»

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ለብሮሸር የሚሆን ፎቶ ላከልኝ። «ከሥሩ በትንሽ ፊደል ‹ፎቶ፦ ከጎግል› በልበት፤ ማንም አይጠይቀንም» አለኝ። በዲዛይን ሥራ ላይ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ።

የጎግል ምስል ፍለጋ ፎቶ አያነሳም። ሌሎች ድረ ገጾች ላይ ያለውን ፈልጎ ያሳያል፣ በቃ። የሰው ጃንጥላ ከካፌ አንስቶ «ጃንጥላ፦ ከካፌ» ብሎ የሚለጥፍበት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኼም ያው ነው። እሺ፣ የፎቶግራፈሩን ትክክለኛ ስም ጻፍን እንበል። ሰውየው አሁንም አልፈቀደልንም። «የቅጂ መብት ምልክት የለበትም እኮ» የሚሉኝም አሉ። አያስፈልገውም። በአብዛኛው ዓለም መብቱ ፎቶው ሲነሳ አብሮ ይወለዳል፤ ምዝገባም ምልክትም አይጠብቅም።

ጎግል ላይ መፈለግ ነውር የለውም። ምስል ፍለጋው ውስጥ «ቱልስ» (Tools)፣ ከዚያ «ዩሴጅ ራይትስ» (Usage rights) የሚለውን ከፍታችሁ ክሪኤቲቭ ኮመንስን ምረጡ፤ ባለቤቶች ሥራቸውን ሌላው እንዲጠቀምበት አስቀድመው የሚፈቅዱበት የፈቃድ ዓይነት ነው። የመጣውን ግን እዚያው አታውርዱ። ዋናውን ገጽ ክፈቱና ፈቃዱን አንብቡ። «ኤንሲ» (NC) ካለበት ለንግድ አይሆንም። «ኤንዲ» (ND) ካለበት ለውጣችሁ ማሰራጨት አትችሉም። «ባይ» (BY) ካለ ስም መጥቀስ ግዴታ ነው። «ሲሲ ዜሮ» (CC0) ከሆነ ባለቤቱ መብቱን ትቶታል ማለት ነው፤ እፎይ በሉ።

ደጋግሜ የምሰማቸው ሌሎች አባባሎችም አሉ። «ሮያሊቲ ፍሪ ማለት በነፃ ማለት ነው።» አይደለም። አንዴ ከገዛችሁት በተጠቀማችሁ ቁጥር አትከፍሉም ማለት ነው።

«ነፃ ፎቶ ጥራት የለውም።» ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ ስክሪንሾት ነው የሚልክልኝ! የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎቹን በሲሲ ዜሮ ለቋል። የአሜሪካው የሙዚየሞች ተቋም ስሚዝሶኒያን በ2020 በ2.8 ሚሊዮን ምስሎች ተከተለው። የደንበኛዬ ፎቶ ግን ስፋቱ 640 ፒክስል ነበር። በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 5.4 ሴንቲሜትር ይወጣዋል። እሱ የፈለገው ኤ4 ገጽ ሙሉውን እንዲሸፍንለት ነው፤ ለዚያ 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል። እባካችሁ ደግሞ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ ነው የሚደርሰኝ።

«አንስፕላሽ ወይም ፔክስልስ ላይ ካለ እንደፈለግኩ አደርገዋለሁ።» ወደ እውነቱ ይጠጋል። ሁለቱም ነፃ ፎቶ የሚገኝባቸው ድረ ገጾች ናቸው፤ ለንግድ ይፈቅዳሉ፣ ስም መጥቀስም ግዴታ አያደርጉም። ነገር ግን ፎቶውን እንዳለ አትማችሁ መሸጥ አይቻልም። ፊቱ የሚታየው ሰው ለማስታወቂያ መስማማቱንም ማንም አያረጋግጥላችሁም፤ ለመድኃኒት ወይም ለምርጫ ቅስቀሳ ከሆነ ይቅርባችሁ። ሌላው ጣጣ፣ ፎቶው የእናንተ ብቻ አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ ፈገግ ያለ ጎልማሳ አውርጄ የሂሳብ ባለሙያ አደረግኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ድርጅት ባነር ላይ የጥርስ ሐኪም ሆኖ አገኘሁት። ያው ሸሚዝ፣ ያው ፈገግታ። ደንበኛዬ ከእኔ ቀድሞ ነበር ያየው።

ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሳወርድ ሊንኩን፣ ቀኑንና የፈቃዱን ገጽ ስክሪንሾት አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ገጽ ይጠፋል፣ ፈቃድም ይቀየራል። ፒክሳቤይ የሚባለው የነፃ ፎቶ ድረ ገጽ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሲ ዜሮን ትቶ የራሱን ፈቃድ አውጥቷል።

የብሮሸሩን ፎቶ ቲንአይ (TinEye) ላይ፣ ፎቶ ሲሰጡት የት የት እንደወጣ የሚፈልግ ድረ ገጽ ላይ፣ ጭኜ ባለቤቱን ፈለግኩ። ተገኘ፤ ፎቶውን የሚሸጥ ሰው ነው። ስለዚህ ተውነውና ከዊኪሚዲያ ኮመንስ፣ ከነፃ ፈቃድ ምስሎች ማከማቻው፣ ተመሳሳይ ፎቶ አመጣሁ። «ባይ» ስለሆነ ከሥሩ የፎቶግራፈሩን ስምና የፈቃዱን ዓይነት ጻፍኩበት። ደንበኛዬ ናሙናውን አይቶ ደወለ።

«ቆንጆ ነው» አለኝ። «ግን ጎግልን አንጠቅሰውም እንዴ?»