ሳያኖባክቴሪያ ሳያናይድ አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለችው ጎረቤቴ ቢጫ ጀሪካኗን ዘቅዝቃ ስታፈጥበት ደረስኩ። ውስጡ አረንጓዴ አውጥቷል። “አቦ፣ ይሄ ሳያኖ የሚሉት ነው አሉኝ፣ ሳያናይድ የሚባለው መርዝ አለበት፤ ልጥለው ነው” አለችኝ። ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ የሰፈሩ እንዲህ ያለ ጣጣ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ጀሪካኑን አስተረፍኩት። “ሳያኖ” ያለችው ሳያኖባክቴሪያን ነው፣ እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ። ስለ ቃሉ የምሰማው ስህተት ግን አንድ ብቻ አይደለም።

“ሳያኖ ማለት ሳያናይድ ነው”

ሁለቱ ቃላት የአንድ አያት ልጆች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ግሪኮች ጠቆር ያለውን ሰማያዊ “ኪያኖስ” ይሉታል። ሳያናይድ ስሙን ያገኘው ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1782 ሳያናይድ ያለበትን አሲድ ፕሩሲያን ብሉ ከሚባል ሰማያዊ ቀለም ስላወጣው ነው። ሳያኖባክቴሪያ ደግሞ ከአረንጓዴው ክሎሮፊል ሌላ ፋይኮሳያኒን የሚባል ሰማያዊ ቀለም ስላለው ነው። ስሙ ውስጥ ያለው ቀለም ብቻ ነው። ሳያኖባክቴሪያ የራሱ መርዝ አለው ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

“አልጌ ነው”

ይህን ስህተት ያወረሱን ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ናቸው። “ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ” ሲሉት ስንት ዘመን ኖረው፣ እነ ማይክሮባዮሎጂስቱ ሮጀር ስታኒየር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባክቴሪያ መሆኑን አስረግጠው ተሟገቱ። ሴሉ ኒውክሊየስ የለውም፤ እውነተኛ አልጌ ግን አለው። እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን እየሠራ ኦክስጅን ማውጣቱ ነው ሰውን ሲያሳስት የኖረው። አሮጌ መጽሐፍ ላይ የድሮውን ስም ብታገኙ ያው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ አንዱ ሳያኖባክቴሪየም ነው፣ ሲበዛ ሳያኖባክቴሪያ። “ሳያኖባክቴሪያዎች” ማለት “መላእክቶች” እንደማለት ነው። ክፍል ውስጥ አርማለሁ፤ ቤት ስገባ እኔም እለዋለሁ።

“አረንጓዴ ውሃ ሁሉ ሳያኖባክቴሪያ ነው”

የድሬ ውሃ ከሳቢያን ጉድጓዶች፣ ከጨለማ ነው የሚወጣው። ኖራ ይዞ መጥቶ ማንቆርቆሪያችን ላይ ይጋገራል እንጂ አረንጓዴ ይዞ አይመጣም። አረንጓዴው የሚያድገው ብርሃን የሚያሳልፍ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ተራ አልጌ ነው። ጥቁር ሮቶ ውስጥ ብርሃን ስለማይገባ እንደዚያ አያወጣም። የጎረቤቴን ጀሪካን ጠጠርና ሳሙና ጨምረን ነቅንቀን አጠብነው፤ አሁን ጥላ ሥር ነው።

እምቦጭም ሌላ ነው፤ እሱ ሥርና አበባ ያለው ተክል ነው።

ባለፈው ክረምት ወደ ሐረር ስወጣ ሐረማያ ሐይቅ ጋ ወረድኩ። ያ ደርቆ ያስለቀሰን ሐይቅ ውሃው ከተመለሰ ወዲህ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዳር ላይ አረንጓዴ ነገር ተንሳፏል። እጄን ሳልነክር ረዘም ያለ እንጨት ሰድጄ ሳወጣው፣ እንደ እርጥብ ፀጉር ተንጠልጥሎ መጣ። ክር የሚሠራ አልጌ ነው ማለት ነው። አብዛኛው ተንሳፋፊ ሳያኖባክቴሪያ ቢሆን እንጨቱ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ይመስል ተቀብቶ ይወጣ ነበር። ሙከራው ፍንጭ ነው፤ የሚያረጋግጠው ማይክሮስኮፕ ነው።

“አፍልቶ መጠጣት ነው”

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ማፍላት ለታይፎይድና ለአሜባ ይሠራል። ቆቃ ሐይቅን በተደጋጋሚ የሚሸፍነው ማይክሮሲስቲስ የተባለው ዘር ግን ማይክሮሲስቲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ ይህ መርዝ በመፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ሴሉ ሲፈነዳ ውስጡ የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ውሃው እየተነነ ሲሄድም የቀረው ይጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን፣ ኤል አር ለሚባለው ዋና የማይክሮሲስቲን ዓይነት፣ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው፤ የግራም አንድ ሚሊዮንኛ።

ከብትም አይተርፍም። ጆርጅ ፍራንሲስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1878 ከአውስትራሊያ የጻፈው፣ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ አረፋ ከለበሰ ሐይቅ ጠጥተው ስላለቁ እንስሳት ነበር። ስለዚህ ለኩሬ የማውቀው ምክር አጭር ነው፦ ቀለም የመሰለ አረፋ ካለበት ዳር ላሚቱን ማራቅ፣ ከዚያም አለመቅዳት።

“እንግዲያው ሁሉም መርዝ ነው”

አይደለም። ፋርማሲ ውስጥ በእንክብል የሚሸጠው ስፒሩሊና ሳያኖባክቴሪያ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅም ስሙን ያገኘው በእሱው ቀለም ነው። አስቸጋሪው ነገር፣ በማይክሮሲስቲስ ውስጥ ራሱ መርዝ የሚሠራውና የማይሠራው በማይክሮስኮፕ እንኳ ተመሳሳይ መሆኑ ነው።

ይህን ለጎረቤቴ ብነግራት፣ “ታዲያ ያንን የጀሪካን ፍቅፋቂ አድርቀን ብንሸጠው ኖሮስ?” አለችኝ። እሱ ተራ አልጌ ነበር አልኳት።