በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም

ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ሳይሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ይከብዳል። አንዳንዱ «የሸሸገ» ይላል፤ «መድኃኒት አይገኝለትም» ብሎ የሚጨርሰውም አለ። ፍቺው ግልጽ ነው፦ ሕመሙን ያልተናገረ ሰው ፈውስ አያገኝም። አነጋገሩ ግን ከታማሚ ቤት ከወጣ ቆይቷል። ባልና ሚስት ለማስታረቅ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ዝም ያለውን ወገን «ተናገር እንጂ ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይሉታል። ዕዳ ያስጨነቀውን ወንድማችንንም የምናናግረው በዚሁ ነው።

አነጋገሩን በሚገባ የምንረዳው ወደ ባለመድኃኒቱ ደጅ ስንመለስ ነው። ላቦራቶሪና ራጅ በሌለበት ዘመን ሥር ማሹም ሆነ ቅጠል በጣሹ የሚመራው በታማሚው አንደበት ነበር። የት ያምሃል? መቼ ጀመረህ? ሌሊት ይብስብሃል? መልሱ ከተሸሸገ የሚታዘዘው ለሌላ በሽታ ይሆናል። ባለመድኃኒቱ ግን የራሱን ምስጢር አጥብቆ ይጠብቃል። የሥሩ ስም ከታወቀ ኃይሉ ይጠፋል ተብሎ ስለሚታመን፣ ብዙውን ጊዜ ዕውቀቱን የሚያወርሰው ከልጆቹ መካከል ለመረጠው ለአንዱ ነው።

ተመሳሳይ ሐሳብ በንስሐ ትምህርትም ውስጥ አለ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረውና የፋርስ ጠቢብ በመባል የሚታወቀው አፍርሐት፣ በጦርነት የቆሰለ ሰው ራሱን ለብልህ ሐኪም ለማሳየት ማፈር እንደሌለበት ሁሉ ኃጢአት ያቆሰለውም እንዳያፍር ይመክራል። ቀጥሎም ፊቱን ወደ ካህናቱ ይመልሳል፦ ቁስሉን ለመግለጥ የሚያፍረውን አበረታቱት፤ ከገለጠላችሁ በኋላ ግን ጉዳዩን አደባባይ አታውጡበት ይላቸዋል። የእኛ ምሳሌ የሚናገረው ለታማሚው ብቻ ነው። ሰሚው ምን ዕዳ እንዳለበት አይነግረንም፤ እኔ ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር እሱ ይመስለኛል።

በጥንታዊት ግሪክ የተጻፈው የሂፖክራተስ ቃለ መሐላ ይህን ዕዳ በሐኪሙ ላይ ጥሎታል፤ በሥራው ላይ ያየውንና የሰማውን፣ ሊነገር የማይገባውን ሁሉ በምስጢር እንዲይዝ ያስምለዋል። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢር ማባከንን በወንጀል ያስጠይቃል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን በሩ ገርበብ ባለ የምርመራ ክፍል ውስጥ፣ ቀጣዩ ተረኛ ካርዱን ይዞ ደፉ ላይ ቆሞ እየሰማ «ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?» የተባለችን ሴት አስቧት። በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ ይዟት ሽንቷ ይፈስሳል እንበል። «ራሴን ያመኛል» ብላ የራስ ምታት ክኒን ይዛ ብትመለስ፣ በሽታዋን ደበቀች ብሎ የሚወቅሳት ማን ነው? በሩን መዝጋት የምርመራው አንድ ክፍል ነው።

የሚደብቀው ታማሚው ብቻ አለመሆኑን ደግሞ የአሜሪካ ታሪክ በመራር መንገድ አሳይቷል። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1932 በአላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ በተባለ ስፍራ፣ ሕክምና ያልተደረገለት ቂጥኝ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማጥናት ጀመረ። 399 ጥቁር ወንዶች በሽታው ነበረባቸው፤ 201 የሚሆኑት ለማነጻጸሪያ የተያዙ ጤነኞች ነበሩ። ለሕሙማኑ የተነገራቸው «መጥፎ ደም አለባችሁ» የሚል ብቻ ነው። ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ ለመቅዳት ሲፈለግ፣ ልዩ የነጻ ሕክምና ሊሰጣቸው እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ተላከላቸው። ፔኒሲሊን የቂጥኝ ፈውስ መሆኑ በ1940ዎቹ ከታወቀ በኋላም ተከለከሉ። ጉዳዩ በጋዜጣ ተጋልጦ ጥናቱ የቆመው በ1972 ነው። እነዚያ ሰዎች አልደበቁም፤ ሕመማቸውን ይዘው፣ ሐኪሙን አምነው ቀርበው ነበር። የተደበቀው ከእነሱ ነው፤ መድኃኒቱም አብሮ።

በክፋት ሳይሆን በርኅራኄ የሚደብቁም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 በቺካጎ የተደረገ ጥናት ከመቶ 90 የሚሆኑት ሐኪሞች ካንሰር የያዘውን ሰው እውነቱን አለመንገርን እንደሚመርጡ አሳየ። መጠይቁ በ1979 በሌላ የአሜሪካ ሆስፒታል ሲደገም ከመቶ 97ቱ መንገርን መረጡ። በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ ልማዱ ተገለበጠ።

እኛ ዘንድ ዛሬም ክፉ ዜና መጀመሪያ የሚነገረው ለቅርብ ዘመድ ነው። መርዶ በጊዜውና በሰዎች መካከል እንደሚረዳ ሁሉ፣ ከባድ የምርመራ ውጤትም እንደዚያው ይያዛል። ወደ አሜሪካ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች፣ ሐኪም ፊት ለፊት «ካንሰር ነው» ሲላቸው እንደ ጭካኔ መቁጠራቸው በዚያ አገር የሕክምና መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ1992 ተጽፏል። ልማዱን በደፈናው ማውገዝ አልወድም፤ ከፍቅር የመጣ ነውና። ሆኖም ስለ ገዛ አካሏ ሳታውቅ፣ ኑዛዜዋን ሳትናገር፣ ይቅር የምትለውን ይቅር ሳትል የምትሞት እናት አለች።

ስለዚህ ጥያቄው ከውጤቱ አስቀድሞ ቢመጣ ይሻላል። ናሙና ሳይወሰድ «እማማ፣ ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ልንገርዎት፣ ወይስ አብሮዎት እንዲሰማ የሚፈልጉት ሰው አለ?» ብሎ የጠየቀ ሐኪም፣ በኋላ ልጃቸው ኮሪደር ላይ ተከትሎት «ለእሷ እንዳትነግራት» ሲለው፣ ከእናቲቱ አንደበት የሰማው መልስ በእጁ ይኖራል።