አንጻራዊ ስጋት ምንድን ነው?

«ስጋቱን በእጥፍ ይጨምራል» የሚል የጤና ዜና ሲወጣ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ከስንት ወደ ስንት?» ተብሎ ነው። አንጻራዊ ስጋት ለዚህ መልስ የለውም። የአንዱ ቡድን የመታመም ዕድል ከሌላው ስንት እጅ እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ብቻ ነው የሚናገረው። ከ1,000 ሰው 1 የነበረው 2 ቢሆን እጥፍ ነው፤ 200 የነበረው 400 ቢሆንም እጥፍ ነው። ርዕሰ ዜናው ላይ ሁለቱ አይለዩም።

እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ ቋሊማ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁን አንጀት ካንሰር ስጋት በ18 በመቶ እንደሚጨምር አስታወቀ። ስህተቱ የሚመጣው 18ቱን እንዳለ ወስዶ ከ100 ሰው 18ቱ ይታመማሉ ሲባል፣ ወይም በመነሻው (ቀድሞ በነበረው የመታመም ዕድል) ላይ ሲደመር ነው። መነሻው ይፈለግ። በብሪታንያ በዕድሜ ዘመናቸው ይህ ካንሰር የሚይዛቸው ከ100 ሰው 6 ያህሉ ናቸው። 6 በ0.18 ሲባዛ 1.08 ይመጣል። እንግዲህ 100 ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ያን ያህል ቢበሉ ታማሚዎቹ ከ6 ወደ 7 ያድጋሉ። በሽታው ብርቅ በሆነበት አገር ደግሞ ያው 18 በመቶ የሚጨምረው ሰው ከዚህም ያንሳል።

ተቋሙ ይህን ሥጋ ከትንባሆ ጋር በአንድ ምድብ ማስቀመጡም ብዙ አነጋግሯል። ምድቡ የሚያሳየው ካንሰር ለማምጣቱ ያለውን የማስረጃ ጥንካሬ ነው፤ የጉዳቱን መጠን አይደለም።

መነሻውን መተው ሰው ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አዳዲሶቹ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች የደም መርጋት ስጋትን በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። በጥሬው ሲታይ ከ7,000 ሴቶች 1 የነበረው 2 መሆኑ ነበር። ብዙዎች ደንግጠው ክኒኑን አቋረጡ። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ይገመታል። የሚያሳዝነው፣ እርግዝናው ራሱ ከክኒኑ ይልቅ ለደም መርጋት ያጋልጣል።

ስለ ሳይንስ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ቁጥር በአንድ መደብ ያስቀምጥ፦ «ከ7,000 1» ካለ ቀጥሎ «ከ7,000 2» ይበል እንጂ «ከ3,500 1» አይበል፤ አንባቢው ማስላት ይጀምራል። ጊዜውንም ይጨምር፤ በዓመት ነው ወይስ በዕድሜ ልክ? ከሁሉ የከፋው ጥቅሙን በአንድ መለኪያ፣ ጉዳቱን በሌላ ማቅረብ ነው። «መድኃኒቱ ሞትን በግማሽ ይቀንሳል፤ ደም መፍሰስ የሚገጥማቸው ግን ከ1,000 ሰው 5 ብቻ ናቸው» እንበል። ያ «ግማሽ» ከ1,000 ሰው 10 የነበረው 5 መሆኑ ከሆነ፣ የዳነውና የደማው ቁጥር እኩል ነው።

አንጻራዊው ቁጥር ሁልጊዜ ያሳስታል ማለት ግን አይደለም። በፋይዘር የኮቪድ ክትባት ሙከራ ከተከተቡት 8 ሰዎች፣ መጠናቸው ተቀራራቢ ከሆነው ካልተከተቡት ቡድን ደግሞ 162 ታመሙ። ክትባቱ የመታመምን ስጋት በ95 በመቶ ይቀንሳል የተባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። የጥሬ ቁጥሩ ልዩነት ከ1 በመቶ በታች በመሆኑ «ክትባቱ 1 በመቶ እንኳ አይከላከልም» ተብሎ ተወራ። ክትትሉ ግን የሁለት ወር ገደማ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ከሁለቱም ወገን አብዛኛው ሰው ገና ለቫይረሱ አልተጋለጠም። እዚህ ላይ የክትባቱን አቅም በትክክል የሚናገረው 95ቱ ነው።