የወጣቶች ተሳትፎ ምንድን ነው? ስም ዝርዝር ላይ መፈረም አይደለም

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሪፖርት አቅራቢው «በዕቅዱ ዝግጅት የወጣቶች ተሳትፎ ተረጋግጧል» አሉ። በምን ተረጋገጠ ብዬ አባሪውን ገለጥኩ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና ፊርማ ያለበት ሁለት ገጽ ወረቀት። ሌላ ምንም የለም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት ዝም ብዬ ሰማኋት፤ ዛሬ ግን አላለፍኳትም።

ጥፋቱ ከቃሉ ይጀምራል። በዜናውም በሪፖርቱም «ተሳተፈ» የምንለው «ተገኘ» ለማለት ሆኗል። ቃሉ ግን የሱታፌ ዘመድ ነው፣ መካፈል ነው። ዕቁብ ውስጥ ተካፋይ የምንለው ድርሻ ያለውን ሰው ነው፤ ዕጣ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ያየውን አይደለም። የወጣቶች ተሳትፎም ወጣቶች እነሱን በሚነካ ውሳኔ ድርሻ ሲኖራቸው ነው፦ ችግሩ የቱ ነው ሲባል፣ ገንዘቡ ሲደለደል፣ አገልግሎቱ ሲዘረጋ፣ በኋላም ሠራ አልሠራም ሲባል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12ን፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀውን የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር አንቀጽ 11ን ያነበበ ሰው በዚህ አይከራከረኝም።

የሚያበሳጨኝ ጊዜው ነው። በድሮው ወግ ሽማግሌ ይላካል፣ ቤተሰብ ይመክራል፣ ጥሎሹ ይወሰናል፣ ቀን ይቆረጣል። ሙሽራዋ የምትወጣው መጨረሻ ላይ ተኳኩላ ነው። ዓይን ሁሉ እሷ ላይ፣ ዘፈኑ በእሷ ስም፤ ስለ ጉዳዩ ግን የጠየቃት የለም። አዳራሻችን ውስጥ ያለው ወጣት ይህች ሙሽራ ነው። ቲሸርት ይለብሳል፣ ባነር ይዞ ፎቶ ይነሳል። ታትሞ የተጠረዘ ረቂቅ አምጥቶ «አስተያየት ካላችሁ» ማለት፣ ድንኳኑ ከተተከለ ወዲያ «ትወጂዋለሽ ወይ?» እንደማለት ነው። ተመራማሪው ሮጀር ሃርት በ1992 እ.ኤ.አ. ለዩኒሴፍ በጻፈው ጽሑፍ የተሳትፎን ደረጃ በስምንት እርከን መሰላል አስቀምጦታል፤ ከታች ያሉትን ሦስቱን፣ መጠቀሚያ ማድረግን፣ ማስጌጫ ማድረግንና ለይስሙላ ማሳተፍን፣ ጭራሽ ተሳትፎ አይላቸውም። (መሰላሉን እየጠቀሱ «ሁልጊዜ ላይኛው እርከን ካልሆነ» የሚሉም አሉ። እሱም ልክ አይደለም፤ እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፣ ክትባት በስንት ዲግሪ ይቀመጥ ብዬ ማንንም ድምፅ አላሰጥም።)

ሠርግ ካልን ሚዜም አለ። በየመድረኩ የሚመጡት ያው የምናውቃቸው ልጆች ናቸው፤ የወጣቶች ሊግ ውስጥ ያሉ፣ ክበብ ውስጥ ያሉ፣ ማይክ የማይፈሩ። ጥፋት የለባቸውም፣ ግን አንዱ ሚዜ የከተማውን ሠርግ ሁሉ ሲያጅብ የሌላውን ልጅ ሐሳብ አናውቅም። በእኛ ሙያ ናሙናው ከተዛባ ቁጥር ቢበዛ ስህተቱን ያደምቀዋል እንጂ አያርመውም። መርካቶ ጫማ የሚያስውበው ልጅ፣ ቡና መልቀሚያ የምትውለው ልጅ የት አሉ? ዕድሜውም ሌላ ጣጣ ነው። የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪና የሁለት ልጆች እናት አንድ አዳራሽ ስታስገባ የትኛዋ እንደምትናገር መገመት አያቅትም።

በሬዲዮ አንድ ተንታኝ «ወጣቱ አበል ከሌለ አይመጣም፣ ፍላጎት የለውም» ሲል ሰማሁ። ወንድሜ፣ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ የቀን ገቢውን ማታ ለባለቤቱ ማስገባት አለበት። ጠዋት 3 ሰዓት ተብሎ 5 ሰዓት ለሚጀመር ስብሰባ ግማሽ ቀኑን ከከፈለ፣ ከአንተም ከእኔም በላይ ፍላጎት አለው። እኔና አንተ በደመወዛችን ነው የተቀመጥነው።

እንዴት ይሆናል ለሚለኝ ያየሁትን ልንገር። አንድ ጤና ጣቢያ ለወጣቶች ክፍል ተከፍቶ ነበር፤ ቀለም ተቀብቶ፣ ወንበር ገብቶለት። የሚመጣ ግን የለም። እኛ ባለሙያዎቹ ተሰብስበን «የግንዛቤ ችግር ነው» አልን፣ ሥልጠናም አቀድን። ከዚያ ሌላ ሐሳብ ሳይኖረን የተወሰኑ ተማሪዎችን ጠርተን ግቢውን አስጎበኘናቸው። የራሳችሁን ታሪክ አትንገሩን፣ ስለ ቤቱ ብቻ ንገሩን አልናቸው፤ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ገመና ሰው ፊት ማስወጣት ተሳትፎ አይባልም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ከበሩ ፊት ቆማ ቀና አለች። በትልቁ «የወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት» ይላል። ዞር ብላ ካርድ ክፍሉ ፊት ያለውን አግዳሚ አየች፤ የሰፈሩ እናቶች ተደርድረዋል። «እዚህ ስገባ ማን እንደሚያየኝ ታውቃላችሁ?» አለችን። «ግማሾቹ ከእናቴ ጋር አንድ ዕድር ናቸው።»

ሰሌዳው ወረደ። በላብራቶሪው በኩል የተዘጋ በር ነበር፣ እሱ ተከፈተ፤ ወጪው አንድ ቁልፍ ነው። ሥልጠናው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ልጅ በርከት ብሏል፣ ግን በሩ ነው ያመጣው ብዬ አልምልም፤ በዚያው ሰሞን ነርሷም ተቀይራለች፣ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ጤና ጣቢያም አልያዝንም።

ሁለተኛው ጥያቄዋ ቅዳሜ ከሰዓት ክፈቱ የሚል ነበር። አልሆነም፤ ለተረኛ የሚከፈል በጀት የለም። ብዙ ቦታ ነገሩ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ይጠየቃሉ፣ ይመዘገባል፣ የደረሰበትን የሚነግራቸው የለም። እኛ ጠርተን ለምን እንዳልሆነ ነገርናት። ትቀበላለች ብለን ነበር።

«ታዲያ ማክሰኞ ጠዋት ዝጉትና ቅዳሜ ክፈቱት» አለች። «ማክሰኞ ጠዋትማ እኛ ክፍል ነን።»

መዝገቡን አውጥተን የማክሰኞ ጠዋቶችን አንድ በአንድ አየን። ባዶ።